ዝም የሚለውን ጊታሪስት ለማየት ለምን እንደምከፍል

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ለእኔም ደረሰኝ። የላከልኝ የድሮ የታክሲ ባልደረባዬ ነው። «አንተን ነው የሰደበህ» የሚል መስመር ጨምሮበታል። ስሜ የትም የለም። አንብቤ ስጨርስ ግን ባልደረባዬ እውነቱን ነው፤ የተሰደብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጸሐፊው እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሚኖር ወገናችን ነው። አንድ ፈረንጅ የሥራ ባልደረባው ይጋብዘውና ዋርነር ቲያትር ይገባል። የሚጫወተው ቴደስኪ ትራክስ ባንድ የሚባል የአሜሪካ ሮክ ባንድ ነው። ሰውየው ተናዶ ይወጣል። ቤቱ ገብቶም ንዴቱን ይጽፋል። ዩቲዩብ ላይ በነጻ ለሚገኝ ነገር ከመቶ ዶላር በላይ ማውጣት ሞኝነት ነው ይላል። ጊታሪስቱ እንደ ሐውልት ተገትሮ ያመሻል፣ ሰላምታ እንኳ አይሰጥም ይላል። አንዱን ዘፈን ሩብ ሰዓት ይጎትቱታል ይላል። ነጮች የጥቁሮችን እንጉርጉሮ ሰርቀው ለነጮች ይሸጣሉ ይላል። መጨረሻ ላይም «የሐበሻ ጆሮ እዚያ ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔ ያ ጆሮ ነኝ። ስለዚህ መልስ አለብኝ።

ስድብ ውስጥ አልገባም። ሰውየው ብዕር አለው፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻዬን አስቆኛል። አንዱን ነጥቡን ደግሞ እቀበለዋለሁ፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ባንዱን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ። ሱዛን ቴደስኪ እና ዴሪክ ትራክስ ባልና ሚስት ናቸው። እሷ የቦስተን አካባቢ ልጅ ናት፤ ትዘፍናለች፣ ጊታርም ትመታለች። እሱ የጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ልጅ ነው፤ ሊድ ጊታር ይጫወታል። ከተጋቡ በኋላም ለዓመታት የየራሳቸውን ባንድ ይዘው ሲዞሩ ቆዩና በ2010 አንድ ትልቅ ባንድ አቋቋሙ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) መድረክ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ይወጣል። ሁለት ድራመር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሦስት ትንፋሽ፣ ሦስት ተቀባይ፣ ከዚያ ባልና ሚስቱ። የመጀመሪያ አልበማቸው በ2011 ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ብሉዝ በሚባለው የጥቁሮች እንጉርጉሮ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ወሰደ።

እኔ ያወቅኋቸው በታክሲ ነው። ባንዱ ለብዙ ዓመታት ፌብሯሪ ላይ ዋርነር ቲያትር እየመጣ ተከታታይ ምሽቶች ይጫወታል። ለታክሲ ሹፌር ጥሩ ሳምንት ነው። አንድ ዓመት ሁለት ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት ሐሙስ ማታ ከሆቴላቸው ጭኜ በሩ ላይ አወረድኳቸው። ዓርብም እነሱው ደረሱኝ። ቅዳሜ ሲደርሱኝ አላስቻለኝም። «ትናንት አላያችሁም እንዴ?» አልኳቸው። ሴትዮዋ ሳቀች። «የትናንቱ ሌላ ነበር» አለችኝ።

እኔ የለመድኩት ኮንሰርት ዘፋኙ አሥር ጊዜ ባየሁት ቅደም ተከተል አሥር ጊዜ የሚዘፍንበት ነው። አንዳንዴም በፕሌይባክ። እነዚህ ሰዎች ግን የሚጫወቱትን ዝርዝር በየምሽቱ ይለዋውጡታል። «የትናንቱ ሌላ ነበር» የምትለዋ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

እንግዲህ ወደ ክሱ።

«ዩቲዩብ ላይ በነጻ አለ።»

አለ። ጥሩ ጥሩው አለ። እኔም መጀመሪያ ያየኋቸው እዚያው ነው፤ ሬገን ኤርፖርት ተራ እየጠበቅኩ፣ በተሰነጠቀ ስልክ። ስለዚህ ዩቲዩብን አላማም።

ስልኩ ላይ ግን ሁሉም ነገር እኩል ይሰማል። ሹክሹክታውም ጩኸቱም አንድ ልክ ነው። አዳራሹ ውስጥ እንደዚያ አይደለም። የገባሁበትን የመጀመሪያ ምሽት ልናገር። ሦስቱ ትንፋሾች አንድ ላይ ሲነፉ የሸሚዜ ቁልፍ ደረቴ ላይ ተንቀጠቀጠ። በእጄ ያዝኩት። ከዚያ አንድ በአንድ ማቆም ጀመሩ። ትሮምቦኑ ከአፍ ወረደ። አንዱ ድራመር እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ፣ ሌላው ሲምባሉን በጣቱ ይዞ ዝም አሰኘው። ቤዙም ዝም አለ። ኦርጋኑና የሱዛን ድምፅ ብቻ ቀሩ። እሷም ከማይኩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። አዳራሹ ከ1,800 በላይ ወንበር አለው። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው የፕላስቲክ ኩባያው ውስጥ በረዶ ሲነቃነቅ ሰማሁት። ሰውየው ራሱ ሰማውና ኩባያውን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

ይህን ስልኬ አሰምቶኝ አያውቅም።

ዋጋው ላይ አልከራከርም። ውድ ነው። ትኬቱ አንድ ዋጋ ይባልና ሊከፈል ሲል አገልግሎት ምናምን እየተባለ ይቆለላል። አንድ ጊዜ ከሁለተኛ ሻጭ ገዝቼ በእጥፍ ግድም ከፍዬ፣ ከፊቴ ባርኔጣውን የማያወልቅ ረጅም ሰውዬ ገጥሞኛል። ያን ቀን ጸሐፊውን ባገኘው ኖሮ አብረን እንጽፍ ነበር።

«ጊታሪስቱ ሐውልት ነው።»

የሳቅኩት እዚህ ላይ ነው። «የእኛ ዘፋኞች ቢያንስ እጃችሁን ወደ ላይ ይላሉ» ይላል ጸሐፊው። እውነት ነው፤ ዴሪክ ትራክስ እንዲህ አይልም። ጸጉሩን በጀርባው ለቆ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ አንድ ቦታ ቆሞ ያመሻል። ማውራት ካስፈለገ ሱዛን ናት የምታወራው፤ እሷም ብዙ አታወራ።

ግን እጁን ያየ ሰው ሐውልት አይለውም።

ስለዚህ እጅ ትንሽ ልቆይ። በግራ የቀለበት ጣቱ ላይ የብርጭቆ ቱቦ ያጠልቃል። ስላይድ ይሉታል። ታሪኩ ከአንድ ብልቃጥ ይጀምራል። የኦልማን ወንድማማቾች ባንድ የሚባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ መሥራች ዱዌን ኦልማን ስላይድ የተማረው በጉንፋን መድኃኒት ባዶ ብልቃጥ ነው። እሱ በ1971 በ24 ዓመቱ በሞተር ብስክሌት አደጋ ሞተ። ዴሪክ የተወለደው ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ዛሬ የሚያጠልቀው የዚያ ብልቃጥ አምሳያ ነው። ጊታር የጀመረው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። የመጀመሪያዋ ጊታር ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ አሮጌ ዕቃ አውጥተው ከሚሸጡበት በ5 ዶላር የተገዛች ናት።

ተራ ጊታሪስት ክሩን በጣቱ ተጭኖ አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች ጋር ያጣብቀዋል። መስመሮቹ ድምፁን ይወስኑለታል። በስላይድ ሲሆን ክሩ አይጫንም። ብርጭቆው ክሩ ላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። መስመሮቹ አሉ፤ ግን ሥራ የላቸውም። ድምፁ የቱ ጋ እንደሚቆም የሚያውቀው ጆሮ ብቻ ነው። የፀጉር ያህል ቢያልፍ ያስታውቃል።

አሁን ማሲንቆ ተጫዋች በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡ። አንድ የፈረስ ጭራ ክር ናት። ጣቱ ክሯን በጎን ይነካታል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫናትም። መስመር የለ፣ ምልክት የለ። ለዚህ ነው ጥሩ አዝማሪ ማሲንቆውን እንደ ሰው የሚያስለቅሰው፤ የሰው ጉሮሮም መስመር የለውማ። ዴሪክ ሲጫወት መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነው። ሮክ መሆኑንም ረሳሁት። ሰውየው የህንዱን አሊ አክባር ካንን ሳሮድ ብዙ የሰማ ነው፤ ሳሮድም መስመር የሌለው መሣሪያ ነው። ስለዚህ የማሲንቆው ነገር የእኔ ናፍቆት ብቻ አይመስለኝም።

ቀኝ እጁን ደግሞ እዩት። መምቻ አይዝም፤ በጣቱ ነው። ከጊታሩ እስከ አምፕሊፋየሩ መሃል ድምፅ የሚለዋውጡ ፔዳሎች አይደረድርም፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ይገባል። ድምፁን የሚያከሳውም የሚያወፍረውም እየተጫወተ ጊታሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቁልፎች በማዞር ነው። ሱዛን አንድ ስንኝ ዘፍና ስታበቃ እሱ በስላይድ ይቀበላታል። እሷ ስትመለስ ቁልፏን ይነካትና ድምፁ ከእሷ በታች ይሆናል። ይህን የሚያደርገው ቀና ሳይል ነው። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው «ዝም ብሎ ቆሟል» ሊመስል ይችላል። ሰውየው እየሰማ ነው። እሷን፣ ቤዙን፣ ሁለቱን ድራመሮች።

እኔ ከፍዬ የማየው ይህንኑ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ሲደማመጥ። በሕይወቴ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፤ የዕድርም የማኅበርም። ሦስት ሰው ሲደማመጥ አይቼ አላውቅም።

ይህ መደማመጥ በአንድ ቀን አይመጣም። ኮፊ በርብሪጅ የሚባል ኪቦርድና ፍሉት የሚጫወት ሰው ነበራቸው። ይህ ባንድ ሳይቋቋም፣ ከ1999 ጀምሮ፣ ከዴሪክ ጋር አብሮ የሠራ ነው። ፌብሯሪ 15 ቀን 2019 አረፈ። በዚያው ቀን አዲሱ አልበማቸው ወጣ። ሃያ ዓመት አጠገብህ የኖረ ጆሮ አዲሱ ሥራችሁ ለሰው በደረሰበት ቀን ሲሄድ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላብራራም። ከዚያ በኋላ ኪቦርዱ ጋ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ጎበዝ ነው። ባንዱም ሌላ ድምፅ አወጣ። ቪዲዮውን ከቀድሞው ጋር አስተያይቶ ማየት ለሚወድ፣ ይኸው ለዩቲዩብ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አገኘሁለት።

«አንዱን ዘፈን ሩብ ሰዓት ይጎትቱታል።»

ይህን የሚለው ሐበሻ መሆኑ ነው የገረመኝ። ሰርግ ላይ አንድ ጉራጊኛ ግማሽ ሰዓት ስንጨፍር «አሳጥሩት» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። አዝማሪ ቤት ገብተን አዝማሪው ገና የስማችንን ፊደል እስኪያዳርስ እንጠብቃለን። ያውም እየሸለምን።

እርግጥ ሶሎ ሁሉ ጥሩ አይደለም። የድራም ሶሎ ሲጀመር እኔም ሽንት ቤት እሄዳለሁ፤ እዚያ ከጸሐፊው ጋር ሳንተያይ አንቀርም። ግን የዴሪክ ረጅሙ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከታች ይጀምራል። ሁለት ሦስት ድምፅ ብቻ እያመላለሰ። ሰው ማውራት ይጀምራል፣ ቢራ ሊገዛ ይነሣል። ከዚያ ትንፋሾቹ ከኋላ አንዲት አጭር ሐረግ ይወረውሩለታል። ይደግሙታል። ቤዙ ይከተላል። ከፍ እያለ ሲሄድ ቢራ ሊገዛ የተነሣው ሰው መተላለፊያው ላይ ቆሞ ይቀራል። ይህን መተላለፊያ ላይ ተተክሎ የቀረ ሰው በየዓመቱ አየዋለሁ። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ኖሮ ቢራውን ገዝቶ ይመለስ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ።

«ነጮች የሰረቁት ሙዚቃ ነው።» እቀበላለሁ ያልኩት ይህንን ነው። ሁሉንም ግን አይደለም።

የአሜሪካ ሙዚቃ የሒሳብ መዝገብ ቢገለጥ የሚያሳፍር ገጽ ሞልቶታል። ቢግ ማማ ቶርንተን የምትባል ጥቁር ዘፋኝ በ1952 አንድ ዘፈን ቀረጸች። ተወዳጅም ሆነላት። በ1956 ነጩ ኤልቪስ ፕሪስሊ ያንኑ ዘፈን ደገመው። ዛሬ መንገድ ላይ ሰው አቁማችሁ ብትጠይቁ ዘፈኑ የኤልቪስ ነው ይላችኋል። ገንዘቡም የሄደው ወደዚያው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ታሪክ አንድና ሁለት አይደለም። ጸሐፊው ይህን ማንሳቱ ደግ አደረገ።

ጉዳዩን እዚያ ላይ መዝጋት ግን ሌላ በደል ያመጣል። አብረው የሠሩትን ጥቁሮች ከታሪኩ ያስወጣቸዋል።

የኦልማን ወንድማማቾች ባንድን እንውሰድ፤ የዴሪክ አጎት ቡች ትራክስ ድራመር የነበረበት ባንድ ነው። ዴሪክም ከ1999 እስከ 2014 በጊታር አብሯቸው ነበር። በ1969 ጃክሰንቪል ሲቋቋም ሁለት ድራመር ነበረው። አንዱ ቡች ነው። ሁለተኛው ጄይሞ የሚባል ጥቁር ነው። ጄይሞ ወደዚያ ከመምጣቱ በፊት ለታዋቂው ጥቁር ዘፋኝ ለኦቲስ ሬዲንግ ድራም ይመታ ነበር። ባንዱ ተነሥቶ የገባባት ሜከን፣ ጆርጂያ ደግሞ ኦቲስ ያደገባት ከተማ ናት። የኦቲስ ማናጀር የነበረው ሰውም የእነሱ ማናጀር ሆነ። ጥቁርና ነጭ ወጣቶች በ1969 ጆርጂያ ውስጥ አብረው ሲኖሩ፣ አብረው ሲበሉ፣ አብረው ሲጓዙ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ቴደስኪ ትራክስ ባንድ መድረክ ላይ ሁለት ድራም ሲተከል የምታዩት ከዚያ የመጣ ነው።

ወይም ማስል ሾልስ የምትባለውን የአላባማ ትንሽ ከተማ እንውሰድ። ጥቁሯ ዘፋኝ አሪታ ፍራንክሊን በ1967 አዲስ ሕይወቷን የጀመረላትን ዘፈን የቀረጸችው እዚያ ነው። ከኋላዋ ሆነው የተጫወቱት አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። ሰላም በሰላም ነበር ልል አይደለም። በዚያው ቀን ጠብ ተነሣ፣ አሪታም አንድ ቀን ብቻ ሠርታ ሄደች፤ ሥራው ኒውዮርክ አለቀ። ተጫዋቾቹን ግን ወደ ኒውዮርክ አስጠርተው ቀጠሉ። እንግዲህ ይህን ታሪክ «ሌብነት» በሚል አንድ ቃል እንዴት አድርጌ ልጠቅልለው? ጠብም አለው፣ ፍቅርም አለው፣ ያልተከፈለ ዕዳም አለው።

የራሳችንም ጓዳ አለ። ዓለማየሁ እሸቴ በፖሊስ ኦርኬስትራ ዘመኑ ሶል የሚባለውን የአሜሪካ ጥቁሮች ሙዚቃ ከእግር እስከ ራሱ ለብሶት ነበር። የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን ያሉት በሌላ አይደለም። አስመራ ቃኘው ጣቢያ ከነበረው የአሜሪካ ጦር ሬዲዮ ሙዚቃ ሲሰማ ያደገ የእኛ ሙዚቀኛ ብዙ ነው። ማንም ሌባ አላለውም። ልዩነቱ ይገባኛል፤ ዓለማየሁ የጄምስ ብራውንን እንጀራ አልቀማም። ለዚህ ነው እኔ ማን ዘፈነው ከሚለው ይልቅ ማን ተከፈለው፣ ስሙ የተጠራው የማን ነው የሚለውን የምጠይቀው።

በዚህ መለኪያ እነዚህ ባልና ሚስት ብዙ አያሳፍሩም። ባንዱ ሲቋቋም ጀምሮ ጥቁርና ነጭ ነው። ኮፊ በርብሪጅ ከወንድሙ ኦቲል ጋር መሥራች አባላት ነበሩ። ሱዛን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ስትማር ጎስፔል የሚባለውን የጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር የሚዘምር መዘምራን ውስጥ ነበረች፤ ያን ጉሮሮ ከየት አመጣችው ለሚል ሰው አንዱ መልስ እዚያ አለ። በፌብሯሪ 2012 ፕሬዚዳንት ኦባማ ዋይት ሃውስ ውስጥ የብሉዝ ምሽት አዘጋጅተው ነበር። ታላላቆቹ ጥቁር የብሉዝ ጊታሪስቶች ቢ ቢ ኪንግ ነበሩ፣ ባዲ ጋይ ነበሩ። ኦባማ ራሳቸው ማይክ ተሰጥቷቸው አንድ ሁለት ስንኝ ዘፈኑ። ሱዛንና ዴሪክም እዚያው መድረክ ላይ ነበሩ። ከባለቤቶቹ ጋር፣ በባለቤቶቹ ፊት። ቦታው ከዋርነር ቲያትር በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚያን ሰሞን ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ ባዶ ታክሲ ይዤ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው።

ተመልካቹ በአብዛኛው ነጭና ሽበታም ነው ላለው፣ ነው። እኔም ሸብቻለሁ። ሌላ የምጨምረው የለም።

የቀረው የሐበሻ ጆሮ ነገር ነው።

ቤቱ ኪቦርድ ወይም ጊታር ያለው ሰው ይሞክረው። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይበል። የብሉዝ ጊታሪስቶች ውለው የሚያድሩባት አምስት ድምፅ ይህች ናት። የእኛ ሙዚቀኛ ይህችኑ ሲሰማ ባቲ ማይነር ይላታል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከተባለ ደግሞ ትዝታ ሜጀር ነው፤ እነ ኦልማን በጣም የሚመላለሱባት መንገድ ናት። ድምፆቹ ገጠሙ ማለት ሙዚቃው አንድ ነው ማለት አይደለም። ቅላጼው ሌላ ነው፣ ምቱ ሌላ ነው፣ ቋንቋው ሌላ ነው። እኔ ያን ምሽት ጥቁር ካፖርቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ከፈረንጅ መሃል ተቀምጬ ስሰማ ግን፣ ጆሮዬ ባዕድ ቤት የገባ አልመሰለውም። አንድ ቦታ ላይ ዴሪክ ብቻውን ሲያዜም ከንፈሬ ሳላዝዘው በአማርኛ ማንጎራጎር ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። አፈርኩ፤ ግን አላቆምኩም።

ደግሞ መንገዱ ድሮ የተረገጠ ነው። ሱዛን የተማረችበት በርክሊ ከእሷ ብዙ ዓመት በፊት ሙላቱ አስታጥቄን ያስተማረ ትምህርት ቤት ነው። ሙላቱ እዚያ ሲገባ «የሐበሻ ጆሮ እዚህ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀው ሰው ይኖር ይሆናል። ምን እንደሠራ ሁላችንም ሰምተናል።

አንድ ነገር ግን ጸሐፊው በመጨረሻው አንቀጽ በራሱ እጅ ጽፎታል። በእረፍት ሰዓት ወጣሁ ይላል። ይህ ባንድ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ክፍል ነው የሚጫወተው። መጀመሪያ ይጫወታሉ፣ ሃያ ደቂቃ ግድም እረፍት ይሆናል፣ ከዚያ ይመለሳሉ። የመጀመሪያው ክፍል የመሟሟቂያ ያህል ነው። ድምፅ ኢንጂነሩም አዳራሹን ገና እያወቀው ነው፣ ዘግይቶ የመጣውም ሰው ወንበሩን እየፈለገ ነው። እኔ የነገርኳችሁ የኩባያው በረዶም፣ መተላለፊያው ላይ የተተከለው ሰውዬም፣ የእኔም ማንጎራጎር ከእረፍት በኋላ የሆኑ ናቸው። ሰውየው ቡናው አንደኛ እንደተጠጣ ተነሥቶ ሄዶ ነው እንግዲህ በረካውን የሚያማው።

ባለፈው ዓመት መኪናዬን ያቆምኩበት ጋራዥ የሚሠራው ልጅ የእኛው ሰው ነው። ስወጣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት እየቀረበ ነበር። ቁልፌን ሲያቀብለኝ «ጋሼ፣ እርስዎም እነዚህን ያያሉ?» አለኝ።

«አያለሁ። አንተስ ሰምተሃቸው ታውቃለህ?»

«ከየት እሰማለሁ? እኔ ሰዎቹን ነው የማውቃቸው።» በእጁ ወደ መውጫው አመለከተኝ። «በእረፍት የሚወጡ አሉ። እነሱ ደረሰኙን ሁለት ጊዜ ያያሉ፣ ለምን ይኼን ያህል ሆነ ይላሉ። አሁን የሚወጡት ደግሞ ቲፕ ይሰጣሉ።»

አምስት ዶላር ሰጠሁት። አየት አደረጋትና «እስከ መጨረሻው ነበሩ ማለት ነው» አለኝ።